የተወቀረው ወለል

«እንዳትወድቅ» አለን ሐኪሙ። ሌላም ብዙ ነገር ተናግሯል፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለምትበላው ምግብ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዣት የወጣሁት ያቺን አንዲት ቃል ነው።

የልጄ የአቢግያ ዳሌ ከተወለደች ጀምሮ ቦታውን የያዘ አልነበረም። እያነከሰች አደገች፤ እያነከሰች ትምህርት ቤት ገባች። አሁን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ እንዳለው ሥራው ጥሩ ሆኗል። አጥንቱ እስኪጠና ድረስ በክራንች ትሂድ፤ ተኝታ መዋል የለባትም፤ ከወደቀች ግን የተሠራው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። እሑድ መጥታችሁ ውሰዷት አለን።

ከመሃል ከተማ ወደ ሰፈራችን ወደ ካሳራኒ በሚሄደው ማታቱ፣ በሚኒባሱ ታክሲ፣ ተቀምጬ ቤታችንን በሐሳቤ ከበሩ ጀምሬ ዞርኩት። ሳሎኑ ደህና ነው፤ ምንጣፉን ማንሳት ብቻ ነው። የአቢግያ ክፍልም ደህና ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያስገባው መንገድ ግን በወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሌላ መግቢያ የለውም። ይህን ቤት የነደፈው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃለት። የወጥ ቤቱ ወለል ቀይ ሲሚንቶ ነው። እቃ ማጠቢያው ሥር ተቦርቡሯል፤ መሃሉ ተሰንጥቋል። ያልተቦረቦረው ደግሞ እኔ በየቅዳሜው ሰም ቀብቼ የምወለውለው ስለሆነ መስተዋት ነው። ጤነኛ ሰው እንኳን በካልሲ አይሄድበትም።

ባለቤቴ ባንታየሁ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ከወሩ አብዛኛውን የሚያሳልፈው ወደ ሰሜኑ ጠረፍ በሚወስደው በሎኪቾጊዮ መንገድ ላይ ነው። የዚያን ሳምንት እቤት ነበር፤ ሰኞ ማለዳ ይወጣል። ሐሳቤን ስነግረው ብዙም አላሰበም።

«ሴራሚክ እናንጥፍበት» አለ። «የሚሻክረውን ዓይነት።»

አከራያችንን ጠየቅናቸው። ወጪውን እስካልጠየቃችሁኝ ድረስ ወርቅም አንጥፉበት አሉን። ያነጋገርነው ፉንዲ፣ ግንበኛው፣ «ኬሾ» ብሎን ሄደ፤ በስዋሂሊ ነገ ማለቱ ነው። በማግስቱ ስንደውልም «ኬሾ» አለን።

«ይህ ሰው የሚኖረው ነገ ላይ ነው» አለ ባንታየሁ ስልኩን እየዘጋ። «እኛ ያለነው ዛሬ ላይ ስለሆነ መቼም አንገናኝም። ተይው፣ ራሳችን እንሠራዋለን።»

«ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ሲሠራ አይቻለሁ።»

«እኔም አውሮፕላን ሲበር አይቻለሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። አንድ የተነሳ ሴራሚክ፣ አንድ ከፍ ያለ ጠርዝ፣ የክራንች ጫፍ ለማደናቀፍ ይበቃል።

ሌላ ጭንቀት ደግሞ ነበረኝ። አዲስ የተነጠፈ ሴራሚክ እስኪይዝ ድረስ እስከ ማግስቱ አይረገጥም። እሷ ከመጣች በኋላ ያንን መንገድ መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ ቅዳሜ ተነጥፎ እሑድ መድረስ ነበረበት። ሆስፒታል ሄጄ፣ ምናልባት ካልደረሰልን ለአንድ ቀን ባልዲ ክፍልሽ አስገባልሻለሁ ብላት አቢግያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ማሚ፣ ባልዲ ካመጣሽ እዚሁ ሆስፒታል እቀራለሁ። ሲሪየስ ነው የምልሽ።»

ዓርብ ወጥ ቤቱን ባዶ አደረግነው። የጋዙን ሲሊንደር በረንዳ ላይ አወጣነው። ፍሪጁን አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አቁመን እየጎተትን ሳሎን አስገባነው። የጤፍ ከረጢቱ፣ የበርበሬው ቆርቆሮ፣ ለውኃ መጥፊያ ቀን የማጠራቅማቸው ጀሪካኖች፣ ድስቶቹ ሁሉ ሶፋው ላይና ሥሩ ተደረደሩ። ባንታየሁ ቴሌቪዥን የሚያይበት ቦታ አጥቶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት ጋሽ ገብረንጉስ መጡ። ጋሽ ገብረንጉስ በዕድሜ የገፉ ኤርትራዊ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ስለሠሩ አማርኛቸው ከብዙዎቻችን ይበልጣል። አሁን ሁርሊንግሃም ሰፈር ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የአስተናጋጅ ልብስ ይሰፋሉ። ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያንም ይዘውት ይመጣሉ እያለ ባንታየሁ ያማቸዋል።

ወለሉ በሴራሚኩ ልክ ከፍ ስለሚል በሩ ከሥሩ መቆረጥ ነበረበት። ባንታየሁ በሩን ነቅሎ ወንበር ላይ አጋድሞ መጋዙን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ ገብረንጉስ። «መጀመሪያ ለካህ?»

«በዓይኔ ለካሁት።»

«በዓይንህ! በር ማሳጠርና ሱሪ ማሳጠር አንድ ነው ልጄ። ያውም ሱሪ ይሻላል፤ እጥፋት አለው። ይህንን አንዴ ካሳጠርከው ሚስትህ በክረምት ብርዱን ተቀብላ አንተን ትረግምሃለች።» የአንድ ሴራሚክ ውፍረት ከማጣበቂያው ጋር አስበው ከበሩ ሥር ለኩ፤ በጠመኔያቸው ቀጭን መስመር አሰመሩ። በሩ ተቆርጦ ሲገጠም ልክ ሆነ። ባንታየሁ ሦስቴ ከፍቶ ዘጋውና «በዓይኔ ከለካሁት ብዙም አልራቀም» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሊያነጥፉ ቀጠሯቸው ነው። ባንታየሁ ጋሽ ገብረንጉስን ከፌርማታ ሊያመጣ ወጣ። እኔ ብቻዬን ባዶው ወጥ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ወለሉ አሳፈረኝ። ፍሪጁ የነበረበት ቦታ ደብዝዟል፤ ምድጃው ሥር ዘይት አለ፤ የጎተትንበት ሁሉ ተጫጭሯል። እንግዳ ሊመጣ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወለል ምን እንደሚደረግ ከትዳሬ መጀመሪያ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ እጄ ሳይጠይቀኝ ያደርገዋል። ጠራርጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሰሙን ቆርቆሮ ከፈትኩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ከጥግ እስከ ጥግ ቀባሁት። ከዚያ በጨርቅ ወለወልኩት። ቀይ ሆኖ ሲያበራ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ለልጄ አንድ ነገር የሠራሁላት መሰለኝ።

ጋሽ ገብረንጉስ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጫማዬን ላውልቅ እንዴ?»

«ኧረ ይግቡ፣ ለሥራ እኮ ነው።»

ገቡና በጥንቃቄ ጎንበስ ብለው መሃሉን ለኩ። ጠመኔያቸውን አውጥተው መስመር ሊያሰምሩ ሞከሩ። ጠመኔው ተንሸራተተ። እንደገና ጫን አድርገው ሳቡት። ምንም አልጻፈም። ጠመኔውን አዩት፤ ጃኬታቸው ላይ ሞከሩት፤ ጻፈ። ወለሉ ላይ መለሱት፤ እምቢ አለ።

ባንታየሁ አላስተዋለም። ማጣበቂያውን ሊበጠብጥ ባልዲውን እያመጣ ትንሽ ውኃ ፈሰሰበት። ውኃው ወለሉ ላይ ሰርጎ አልገባም፤ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ቆመ። ሦስታችንም አየነው።

«ሠርክ» ብሎ ጠራኝ ባንታየሁ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ጠዋት እዚህ ምን አደረግሽ?»

«ወለወልኩት።»

«በምን?»

«በሰም ነዋ። ሰው ይመጣል ብዬ።»

ጋሽ ገብረንጉስ ጀርባቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባንታየሁ ግድግዳውን ተደግፎ እየሳቀ ቁጭ አለ። «እናንተ ሰዎች» አለ፤ «ሊቀበር የታጠበ ወለል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ አየሁ።»

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቄ ወዲያው ከዳኝ። ማጣበቂያ ሰም ላይ አይይዝም። ዛሬ ብናነጥፈው የያዘ መስሎ ይቆይና አንድ ቀን፣ ልጄ ስትረግጠው፣ ይነሳል። ይህንን ጮክ ብዬ ስናገረው ሳቁ ቆመ። ጋሽ ገብረንጉስ ዶቃውን ውኃ በጣታቸው ነካ አደረጉትና «እውነቷን ነው» አሉ። «ሰም የነካው ጨርቅም ቀለም አይዝም። እንፋቀው።»

ውኃ አፈላሁ። በሳሙናና በቢላዋ፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቅነው። እንደ ቀይ ጭቃ እየሆነ ወጣ፤ የዛሬው ብቻ ሳይሆን የስንት ዓመቱ። በጨርቅ ስንጠርገው ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ውኃ። ፀሐዩ ወደ በረንዳው ሲዞር ወለሉ ደበዘዘ። ባንታየሁ ውኃ ረጨበት። አንዳንዱ ቦታ ጠጣው፤ መሃሉ ላይ ግን ዶቃዎቹ እንደገና ቆሙ። ሰሙ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

«እንግዲህ መሮ ነው» አለ ባንታየሁ። መሮና መዶሻ አምጥቶ ከትከሻው አንስቶ መታው። መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ተነስቶ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቀረ። ሌላ ቦታ መታ፤ ሌላ ጉድጓድ። ለልጄ ወለል ላስተካክል ብዬ ጭራሽ እያፈረስኩት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ሳፊያ ናት። ሞያሌ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትናገራለች፤ ሲያስቆጧት ደግሞ አሳምራ ትናገራለች።

«ሠርክ፣ ምንድን ነው? አናቴ ላይ ወፍጮ ትወቅራላችሁ? ልጁን እኮ አሁን ነው ያስተኛሁት።»

«ይቅርታ ሳፊያዬ። ለአቢግያ ብለን ነው፤ ወለሉን እያዘጋጀን ነው።»

ቁጣዋ በረደ። «መቼ ትመጣለች?»

«ነገ።»

«እሺ። ምቱ፤ ግን የሰው ምት ምቱ» ብላ ወረደች።

በሩን ዘግቼ ቆምኩ። ወፍጮ ትወቅራላችሁ ወይ ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኔ ወፍጮ ወቅሬ አውቃለሁ። ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የእናቴ የወፍጮ ድንጋይ ከብዙ መፍጨት ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተትበትና ሳይደቅ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ በመውቀሪያ ድንጋይ ይወቀራል። ጉልበት አይጠይቅም። ክንድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ነው የሚሠራው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ተጠጋግቶ፣ ከዳር ወደ መሃል። እኔ ቸኩዬ በኃይል ስመታ እናቴ እጄን ትይዝና «አትምቺው፤ አንቂው» ትለኝ ነበር። የተወቀረ ድንጋይ በመዳፍ ሲዳሰስ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል። እህል ይዞ አይለቅም።

ይህ ወለልም ያው ነው፤ ለስልሶ ነው እምቢ ያለው።

«አምጣው» አልኩት ባንታየሁን።

«ምኑን?»

«መሮውን። አንተ ድንጋይ ትፈልጣለህ። ይሄ መውቀር ነው የሚፈልገው።»

በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አቧራው እንዳይነሳ ወለሉን አረጠብኩት። መሮውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩና በመዶሻው በቀላሉ ነካ ነካ አደረግኩት። የስንዴ ፍሬ የሚያህል ነጥብ ወጣ። ከጎኑ ሌላ። ከጎኑ ሌላ። ቀዩ እየተነሳ ግራጫው ሲሚንቶ ይታይ ጀመር። አንድ ክንድ ያህል እንደ ወቀርኩ ውኃ ረጨሁበት። ውኃው እየተዋጠ ገባ።

ሁለቱ ወንዶች ከላዬ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«እስቲ እኔም ልሞክር» አሉ ጋሽ ገብረንጉስ። እጃቸው መርፌ የለመደ ስለሆነ ቶሎ ገባቸው። ባንታየሁ ግን እንደገና ጉድጓድ አወጣ።

«አትምታው» አልኩት። «አንቃው።»

«እኔ ራሴ እንቅልፌ መጥቷል፤ ማንን ላንቃ?» አለ፤ ቀስ እያለ ግን ተማረው። እየተፈራረቅን ስንወቅር ዋልን። ሳፊያ ልጇ ሲነሳ በፔርሙዝ ሻይ ይዛልን መጣችና በር ላይ ቆማ አየች። «አሁን ዝናብ ነው የሚመስለው» አለች። «በዚህስ ይተኛል።»

ሲመሽ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተወቅሮ ነበር። ጠርገን፣ አጥበን፣ ጉድጓዶቹን በሲሚንቶ ሞልተን አስተካከልን። ውሃ ልኩን በየአቅጣጫው አስቀመጥን። ዝግጅቱ አለቀ። አንድም ሴራሚክ ግን አልተነጠፈም፤ ነገ ደግሞ ልጄ ትመጣለች። እጄን ስታጠብ ውኃው ሲነካኝ ያቃጥለኝ ነበር፤ ከእሱ ይልቅ ግን ባልዲውን የት እንደማስቀምጥ ሳስብ ነበር የከፋኝ።

እሑድ አቢግያን ስናስገባት ሳሎኑ በር ላይ ክራንቾቿን ተደግፋ ቆመች። ሶፋው ላይ ያለውን ጤፍ፣ መሃል ላይ የቆመውን ፍሪጅ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው? ጨረቃ ላይ ነው እንዴ የምንኖረው?»

«እናትሽ ናት» አለ ባንታየሁ። «አንድ በአንድ ጠቅጥቃ ሠራችው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርናት። የሰሙ ታሪክ ላይ ስንደርስ ዳሌዋን ይዛ «አታስቁኝ፣ ያመኛል» አለች። ባልዲ የምትለዋን ቃል ሳነሳ ግን ፊቷ ተለወጠ። ክራንቾቿን ወደ ወጥ ቤቱ አቀናች። ልይዛት ተንደረደርኩ፤ ባንታየሁ ክንዴን ያዘኝ።

አንዱን ክራንች ወለሉ ላይ አሳረፈች። ጎማው ያዘ። ጫን አለችበት፤ አልተንሸራተተም። ሌላውን አስከተለች። በየእርምጃዋ እየቆመች፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ደረሰች።

ዞር ብላ አየችን። «በዚህ በግድግዳው በኩል እየሄድኩ ነው አይደል? ታዲያ ያንን ግማሹን ዛሬ ሥሩት፤ እኔ በዚህ እሄዳለሁ። ነገ ያኛው ሲደርቅ በዚያ እሄድና ይህንን ትሠሩታላችሁ። ሲምፕል ነው።»

«ይጠባል» አልኩ። «ክራንቹ አዲሱን ጠርዝ ቢነካስ? ብትደናቀፊስ?»

«እናትሽ ልክ ናት» አለ ባንታየሁ። «እንሞክረው።» ክራንቾቹን ተቀበላት፤ እሷን ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ያ ረጅም ሰውዬ በልጅ ክራንች ተጣጥፎ፣ እንደ ሽመላ እየረገጠ፣ በግድግዳው በኩል ሄዶ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ግድግዳውን በክርኑ መታ፤ መሃሉን ግን አልነካም። አቢግያ በእጇ አፏን ይዛ ከሳቅ ብዛት እንባዋ ወረደ። እኔ ደግሞ እግሮቹን ሳይሆን ክራንቾቹ ያረፉበትን ነጥብ ብቻ ስከታተል ነበር። ቦታው ይበቃል።

«እሺ» አልኩ። ያቺን «እሺ» ለማውጣት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ጋሽ ገብረንጉስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠመኔያቸውን አወጡ። አሁን ወለሉ ላይ ነጭ መስመር ቀጥ ብሎ ወጣ። እሳቸው እየለኩ፣ ባንታየሁ እየበጠበጠ፣ እኔ እየተከልኩ የሩቁን ግማሽ አነጠፍን። ጠርዙ ላይ ክራንች እንዳይነካው ረጅም ጣውላ በጎኑ አጋደምን። የዚያን ምሽት አቢግያ በጠባቧ መንገድ ሄዳ ተመለሰች። እኔ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ከኋላዋ ነበርኩ።

«እማዬ፣ እጅሽ ያስፈራኛል» አለች ሳትዞር። «ልወድቅ ነው ብለሽ ስለምትጠብቂኝ እኔም የምወድቅ ይመስለኛል።»

እጆቼን ወደ ታች አወረድኩ። ወዲያው ደግሞ ተነሱ። እንደገና አወረድኳቸው።

ሰኞ ማለዳ ባንታየሁ ወደ ሥራው ሄደ። ጋሽ ገብረንጉስም ሱቃቸውን ከፍተዋል። የቀረው ግማሽ የእኔ ነበር። መጀመሪያ የትናንቱን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ አዳመጥኩት፤ ሁሉም ድፍን ድምፅ ሰጠኝ፤ አንዱም ባዶ አልጮኸም። ቆሜበት ተረማመድኩ፤ ዘለልኩበት። ከዚያ የማጣበቂያውን ከረጢት ግድግዳ ላይ አቆምኩና ጀርባው ላይ በስዋሂሊ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በጎልማሶች ትምህርት ስዋሂሊ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ለፈተና ያልሆነ ነገር እንዲያ ጨርሼ አንብቤ አላውቅም። ቸኩዬ የዘለልኩት እንዳለ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ውኃው ቀድሞ፣ ዱቄቱ በላዩ፣ ከዚያ ትንሽ ማሳረፍ። ትናንት ባንታየሁ በተቃራኒው ነበር ያደረገው፤ ያው ይዟል። ሲመለስ እነግረዋለሁ።

ተንበርክኬ መትከል ጀመርኩ። ማጣበቂያውን ጥርስ ባለው ብረት ስዘረጋው የወቀርነው ወለል ሲጎትተው ይሰማኛል፤ የተራበ ነገር ይመስል ነበር። አንዱን ሴራሚክ አስቀምጬ ከትናንቱ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከልኩ፣ ሁለት እጆቼ ማጣበቂያ ውስጥ እንዳሉ፣ ከኋላዬ የክራንች ድምፅ ሰማሁ።

«አቢግያ? ቆይ፣ እጄን ልታጠብ።»

«አትታጠቢ። ትተሽው ከተነሳሽ ይጣመምብሻል።»

እውነቷን ነው፤ ሴራሚኩ ገና አልያዘም፤ ብለቀው አንድ ጥጉ ይነሳል። ዞር ብዬ ላያት ብል ደግሞ ዓይኔን ከጠርዙ ላይ ማንሳት አለብኝ። በሁለት መዳፌ ተጫንኩት። ክራንቹ አዲሱ ሴራሚክ ላይ ጠቅ አለ። ከዚያ እግሯ። ጠቅ፤ እግር። በጎኔ ስታልፍ የቀሚሷ ጫፍ ትከሻዬን ነካኝ። አልቸኮለችም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

ሴራሚኩ ተስተካክሎ ነበር። ጣቴን በጠርዙ ላይ አሳለፍኩት፤ ከፍም ዝቅም አላለም።

በሩ ሲከፈት «አየሽኝ?» አለች።

«አላየሁሽም» አልኳት። «ሰማሁሽ።»

«እና?»

«እናማ እለፊ፤ ያንን ሴራሚክ ደግሞ በእግርሽ ገፋ አድርጊልኝ፤ አልደርስበትም» አልኩና ለሚቀጥለው ማጣበቂያ ዘረጋሁ።